ክሎክ፣ ዎች እና የጎሚስታው በርሜል

የሰው ዕቃ ተውሳችሁ፣ ዕቃውን ይዛችሁ ወደ ባለቤቱ ስትመለሱ እግራችሁ አልሄድ ብሏችሁ ያውቃል? በሩ ላይ ደርሳችሁ፣ ለማንኳኳት እጃችሁን አንሥታችሁ፣ መልሳችሁ አውርዳችሁ፣ «እስቲ አንዴ ሰፈሩን ልዙር» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እንዲህ እያልኩ የአዋሳን አዲስ ከተማ ሰፈር ከዳር እስከ ዳር ዞሬዋለሁ። ደረቴ ላይ በእርጥብ ጋቢ የተጠቀለለ የግድግዳ ሰዓት ይዤ ነበር። የማያውቀኝ ሰው ልብስ አጥቤ ማስጫ ያጣሁ ሳይመስለው አልቀረም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። ማስረዳት ሥራዬ ነው፤ ልማዴም ነው። ጓደኞቼ «አንተ ጨው አቀብለኝ ሲሉህ የጨውን አመጣጥ የምትተርክ ሰው ነህ» ይሉኛል። ያጋንናሉ። የጨውን አመጣጥ የተረክሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ወጡ ሳይቀዘቅዝ ጨርሻለሁ።

አዋሳ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በዚህ ክፍል የሚያስቸግር ነገር ብዙ ነው፤ እኔን ግን ያስቸገረኝ ሰዓት ነው። እኛ ክንዳችን ላይ የምናስረውንም፣ ግድግዳ ላይ የምንሰቅለውንም፣ ራስጌያችን አስቀምጠን በደወሉ የምንነቃበትንም ሁሉንም ሰዓት ብለን እንገላገላለን። እንግሊዞች ግን ለያይተውታል። የሚታሰረው ወይም በኪስ የሚያዘው ዎች ነው። የሚሰቀለው ወይም የሚቀመጠው ክሎክ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ መስመር አይሞላም። ይህችን አንድ መስመር ሳስተምር ግን ሳምንቱ አለቀ።

መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ ክብና አንድ ትንሽ ክብ ሣልኩ። ትልቁን ክሎክ፣ ትንሹን ዎች አልኩ። ከኋላ የምትቀመጠው አልማዝ እጇን አወጣች። አልማዝ እጇን ስታወጣ እኔ ጠመኔዬን አስቀምጣለሁ፤ ጥያቄዋ በአንድ እጅ የሚመለስ አይደለም።

«ቲቸር፣ ዎች ሲያድግ ክሎክ ይሆናል?»

ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ።

«አያድግም» አልኩ። «ልዩነቱ መጠኑ አይደለም። ዎች ሰውየው ይዞት የሚሄደው ነው። ክሎክ ግን ባለበት ሆኖ የሚጠብቀን ነው።»

«ታዲያ ክሎኩን ተሸክመን ብንሄድ ዎች ይሆናል?»

«ክሎክ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው የለም!» አልኩ በቁጣ። ይህን አፌ እንደተናገረ ልብ በሉልኝ።

በዚያው ሳምንት ዳይሬክተራችን ጠርቶኝ፣ ሐሙስ ዕለት ሱፐርቫይዘር መጥቶ ክፍሌ ውስጥ እንደሚቀመጥ ነገረኝ። «የትምህርት መርጃ ሳትይዝ እንዳትገባ። ሥዕል አይደለም፣ የሚጨበጥ ነገር» አለኝ። የሚጨበጥ ዎች አለኝ፤ ኮሌጅ ስጨርስ አባቴ ከክንዱ ፈትቶ ያሰረልኝ ነው። የሚጨበጥ ክሎክ ግን ከየት ይምጣ? ትምህርት ቤታችን ያለው ከግራር ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። ዘበኛው በብረት ሲመታው እንገባለን፣ ሲመታው እንወጣለን። ቸርኬውን ክሎክ ነው ብዬ ሱፐርቫይዘር ፊት ባቀርበው አልማዝ ምን እንደምትጠይቀኝ ሳስበው ላብ አጠመቀኝ።

ክሎክ የነበረው እትዬ በላይነሽ ቤት ነው። እትዬ በላይነሽ አንድ ክፍላቸውን ለቀውልኝ በደባልነት የሚያኖሩኝ ሴት ናቸው። ባላቸው በመንግሥት ሥራ ከሰሜን ወደ አዋሳ ተዛውረው መጥተው እዚሁ ያረፉ ናቸው። ሰዓቱ ሳሎኑ ውስጥ፣ ከበሩ ትይዩ ይሰቀላል። በየሰዓቱ ይደውላል፤ ቀጭ ቀጭ ሲል ጓዳ ድረስ ይሰማል፤ የእኔን ክፍል ግድግዳ አልፎ ትራሴ ውስጥ ይገባል። ማታ ስመለስ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ፊታቸው ቆምኩ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።»

«ክብሪት አልቆብህ ነው?»

«አይ። ሰዓቱን ነገ ለግማሽ ቀን ቢያውሱኝ ብዬ ነው።»

የሚያበጥሩበትን ሰፌድ አስቀመጡ። «ይሄ ሰዓት ከግድግዳ አይወርድም፣ ልጄ። ይርጋ የሰቀለው ነው።»

ይርጋ አንድ ልጃቸው ነው። ፋብሪካ ተቀጥሮ መጀመሪያ የገዛው ዕቃ ይህ ሰዓት ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ እኔ ገና ወደዚህ አልመጣሁም ነበርና በመልክ አላውቀውም፤ በሰዓቱ ድምፅ ግን ዘመዴ ሆኗል።

«የሄደ ዕለት ጠዋት ቁልፉን ሞላው» አሉኝ። «"እማዬ፣ ሳልመጣ እንዳይቆም" አለኝ። ይኸው እሱ ያስነሣውን ነው እኔ ሳይቆም እየደረስኩ የምሞላው። አንዴ ከቆመማ፣ እኔ ባስነሣው የኔ ይሆናል እንጂ የሱ አይሆንም። ገባህ?»

ገብቶኛል። የሚቆጨኝ መግባቱ ነው። ያልገባው ሰው ቢሳሳት አላወቀም ይባላል። እኔ ገብቶኝም ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ማስረዳት ጀመርኩ። ሰዓት ውስጡ ስፕሪንግ እንዳለው፣ ስፕሪንጉ ተጠቅልሎ ቀስ በቀስ እንደሚፈታ፣ ግድግዳ ላይ ቢሆንም በሰው እጅ ቢሆንም መፈታቱን እንደማያቋርጥ፣ መርከበኞች በማዕበል ላይ እንኳ ሰዓት ይዘው እንደሚሄዱ ነገርኳቸው። ከመርከቡ ወደ ማዕበሉ ልሻገር ስል እጃቸውን አነሡ።

«ለልጆቹ ትምህርት ነው አልከኝ?»

«ለትምህርት ነው፣ እትዬ።»

«ይርጋንም የሚጥለው ይኸው እንግሊዝኛ ነበር» አሉና ቀና ብለው ሰዓቱን አዩት። «በል እሺ። እንቁላል እንደያዝክ አድርገህ ያዘው።»

በማሳመን እሺ ያሰኘኋቸው መስሎኝ ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው ያደከምኳቸው ይመስለኛል።

ጠዋት ሰዓቱን ራሳቸው አወረዱት። ቁልፉን እስኪጠብቅ ሞሉት፤ በራሳቸው ጋቢ ጠቅልለው ደረቴ ላይ አኖሩልኝ። ግድግዳው ላይ ሚስማሩና ሰዓቱ የነበረበት ነጭ ክብ ቀሩ። በር ድረስ ሸኙኝ። ትምህርት ቤት የሚሄድ አልመሰልኩም፤ ክርስትና የማስነሣ ነው የምመስለው።

ይህን ያስተዋልኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። መንገድ ላይ አንድ የማውቀው ባለጋሪ ፈረሱን ገታና፣ «መምህር! ሳትነግረን? ወንድ ነው ሴት?» አለኝ።

«ክሎክ ነው» አልኩት።

«ያሳድግልህ!» ብሎ ፈረሱን ነዳ። ልሳፈር አስቤ ነበር፤ ግን ጋሪ ኮረኮንቹ ላይ ሲያንገጫግጨው ሰዓቱ ይቆምብኛል ብዬ ተውኩት። ሥርዓት ያለው ሰው ነኝና መንገዴን በጥንቃቄ መረጥኩ፤ ዙሪያ ጥምጥም ቢሆንም አስፋልቱን ይዤ በመናኸሪያ በኩል ለመሄድ ወሰንኩ። አስተውላችሁ ከሆነ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚጎዳኝ ሁሉ በጥንቃቄ ያደረግሁት ነው።

መናኸሪያው በር ላይ የመንገደኛው ሰልፍ እስከ አስፋልቱ ደርሷል። ጥቅል የያዘ ሁሉ ይፈተሻል። እኔ የምሄድበት አውቶቡስ የለም፤ ግን በሰልፉ መሐል ልሰነጥቅ ስል አንድ ረጅም አብዮት ጥበቃ መንገዴን ዘጋ።

«ጓድ፣ ጥቅልህን ፍታ።»

«እፈታዋለሁ፤ ግን ቀስ ብለህ ያዝልኝ። እንዳይቆም።»

«ምኑ ነው የማይቆመው?» አለና ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ጋቢው አስጠጋ።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ሰውየው ቀስ ብሎ ቀና አለ። ፊቱ ተለዋወጠ። «ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ፤ ድምፁ ከቅድሙ ቀጥኗል።

አሁን እዚህ ላይ፣ አንባቢዬ፣ አንድ ቃል ነበረች። እናቴ ያስተማረችኝ፣ አብዮት ጥበቃውም እናቱ ያስተማረችው፣ ሰልፉ ላይ የቆመው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ቃል። እሷን ብናገር «እለፍ» ይለኝ ነበር። እኔ ግን ከቤት ጀምሮ ትምህርቴን በልቤ እየተለማመድኩ ነበር የመጣሁት።

«ክሎክ ነው» አልኩ።

«ምን?»

«ክሎክ። ዎች አይደለም። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ላስረዳህ…»

ሳላስረዳው ሰዓቱ ደወለ።

ደግነቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነበርና አንዴ ብቻ ነው የደወለው። አንዴውም በቂ ነበር። አንዱ «ፈንጂ!» ብሎ ጮኸ፤ ሰልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ብርቱካን የያዘች ሴት ቅርጫቷን ጥላ ሮጠች፤ ብርቱካኑም ተከትሏት ሮጠ። የአውቶቡሱ ረዳት ጣራ ላይ ሻንጣ ሲያስር ነበር፤ ሻንጣውን አቅፎ ተኛ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ቦታቸውን አልለቀቁም። «ወረፋዬን አልለቅም» አሉ።

ከበሩ አጠገብ ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ አለ። ጎማ የት ጋ እንደሚያስተነፍስ የሚያይበት፣ በግማሽ የተቆረጠ በርሜል ውሃ ደጁ ላይ ሞልቶ ያስቀምጣል። አብዮት ጥበቃው ያን በርሜል አየ። መፍራቱ አልቀረም፤ ግን ሰውን ሁሉ ትቶ ሊሸሽ ሲችል አልሸሸም። ጥቅሉን ከደረቴ ነጥቆ ሮጦ በርሜሉ ውስጥ ነከረው፤ በሁለት እጁም ወደ ታች ተጫነው።

«አይሆንም!» ብዬ ጮህኩ። «እንዳይቆም! የይርጋ ነው!»

«ይርጋ ማነው? ግብረ አበርህ ነው?» አለኝ እጁን ከውሃው ሳያወጣ።

ጎሚስታው ከሱቁ ብቅ አለ። ውሃው ላይ አረፋ ሲወጣ ባየ ጊዜ ፍርሃቱን ረሳና ጎንበስ አለ። «ያስተነፍሳል!» አለ። «እዚህ ጋ ነው፣ በዚህ በኩል። ያዝልኝ፣ ልለጥፈው።»

ከውሃው ሲወጣ ጋቢው ተፈታ። ክቡ ፊት፣ ቁጥሮቹ፣ ሁለቱ ዘንጎች ታዩ። ቀስ በቀስ ሰው መሰብሰብ ጀመረ፤ ወረፋቸውን ያልለቀቁት ሽማግሌ ከሁሉ ፊት ሆነው አዩት።

«ሰዓት እኮ ነው» አሉ።

አብዮት ጥበቃው ዞሮ አየኝ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ከፊቴ አልጠፋም። ቁጣ አልነበረውም፤ ማዘን ነበር። «ሰዓት ነው ብትለኝ እኮ አሳልፍህ ነበር» አለኝ።

ቢሆንም ነገሩ በዚያ አላበቃም፤ ወደ ቀበሌ ወሰደኝ። ሊቀመንበሩ ፊት አቀረበኝ። እኔም ኪሴ ውስጥ ጠመኔ ነበረኝና በራቸው ላይ አንድ ትልቅ ክብና አንድ ትንሽ ክብ ሣልኩ። ሊቀመንበሩ ታግሠው ሰሙኝ። ስጨርስ ሰዓቱን አንሥተው ጆሯቸው ላይ አደረጉት።

«ይሠራል» አሉ። «ጓድ መምህር፣ ሂድና አስተምር። ስትወጣ በሩን ጥረግልኝ።»

ይሠራል! በሩን በእጅጌዬ ጠርጌ በረርኩ። ሰዓቱ በእውነት ይሠራ ነበር፤ ግን ዳገት እንደሚወጣ ሽማግሌ እያረፈ ነበር የሚሄደው። ቀጭ። ከዚያ ዝም። ከዚያ ቀጭ። በየመሐሉ እኔም እንደሱ ትንፋሼን ዋጥ እያደረግሁ፣ «በርታ፣ ይርጋ፣ በርታ» እያልኩ ደረስኩ።

ቸርኬው ሲመታ ክፍል ገባሁ። ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ፣ አልማዝ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሰዓቱን ከሰሌዳው በላይ ባለው ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ጫፉ ላይ የውሃ ጠብታ ተንጠልጥላ ነበር፤ ወለሉ ላይ ጠብ አለች።

«ቲቸር፣ ክሎክ ያልበዋል?» አለች አልማዝ።

ክንዴን አነሣሁ፤ ዎቼን አሳየሁ። «ይህ ለእኔ ብቻ ነው የሚነግረኝ። እናንተ ካልጠየቃችሁኝ አታውቁትም።» ከዚያ ወደ ግድግዳው አመለከትኩ። «ክሎክ ግን ባለበት ሆኖ ለሁላችንም ይናገራል። እስቲ ዝም ብላችሁ አዳምጡት።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ስልሳ ልጅ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። እኔም ጠበቅሁ።

«ምንም አይልም፣ ቲቸር» አለች አልማዝ ቀስ ብላ።

ሱፐርቫይዘሩ ግን ተደስተው ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ እጄን ጨብጠው ነቀነቁት። «እንዲህ ነው እንጂ ማስተማር! ልጆቹ ሁለቱን ቃላት ዕድሜ ልካቸውን አያምታቷቸውም» አሉኝ። ዳይሬክተሩም ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በመምህርነቴ እንደዚያን ቀን ተመስግኜ አላውቅም፤ የምስጋናው ቃል ሁሉ ግን በእርጥብ ጋቢ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነበር የሆነብኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ ሰዓት ጠጋኝ ወሰድኩት። የኋላውን ከፈተና ውሃውን ጣቱ ላይ አንጠባጠበ። «ዓሣም ያለበት መስሎኝ ነበር» ብሎ ሣቀ። ከዚያ ፊቴን ሲያይ ሣቁን ተወ። «አይዞህ፣ ይህ ምን አለው? አድርቄ ዘይት አደርግበትና ነገ ጠዋት አስነሣልሃለሁ።»

«ማን ነው የሚያስነሣው?»

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን ይሁን?»

ሰዓቱን ከእጁ ተቀበልኩት። ምክንያቱን ሲጠይቀኝ፣ እኔ፣ የጨውን አመጣጥ የምተርከው ሰው፣ የማስረዳበት ቃል አጣሁ። አዲስ ከተማን እየዞርኩ የዋልኩት ከዚህ በኋላ ነው።

እትዬ በላይነሽ በሩን የከፈቱት ሳላንኳኳ ነው። መናኸሪያ የሆነውን የሰማው ባለጋሪ ቀድሞኝ ነግሯቸዋል።

«ሰዓቴን አጠመቅከው አሉ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ነገሩ እንዴት መሰለዎት፣ መናኸሪያ በር ላይ…»

«ይሠራል?»

«ስፕሪንጉ ምንም አልሆነም። ውሃው ወደ ጥርሶቹ ገብቶ ነው እንጂ፣ ቢደርቅ…»

«ልጄ፣ የጠየቅኩህ ይሠራል ወይ ነው።»

«ቆሟል» አልኩ።

ተቀበሉኝ። ጆሯቸው ላይ አደረጉት። ልክ እንደታመመ ሕፃን ግንባር በእጃቸው ጀርባ ዳበስ ዳበስ አደረጉት፤ ከዚያ እርጥቡን ጋቢ ገፈው በደረቅ ነጠላ ጠቀለሉትና ይርጋ ልብሱን በሚያስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ አስገቡት። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ኖሮ ይቅርታ የምጠይቅበት ቦታ አገኝ ነበር።

ያ ቤት ያለ ሰዓቱ ድምፅ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የማደርገው ሲጠፋኝ ዎቼን ከክንዴ ፈታሁና ዘረጋሁላቸው።

«ይሄንን ማነው ያስነሣው?» አሉ።

«አባቴ ነው ያሰረልኝ። የምሞላው እኔ ነኝ።»

«ቆሞ ያውቃል?»

አልቆመም ማለት እችል ነበር። «ብዙ ጊዜ፣ እትዬ። መሙላቱን እረሳዋለሁ» አልኩ።

አሰብ አደረጉና ተቀበሉኝ። ወደ ግድግዳው ሄደው ዎቹን በማሰሪያው ሚስማሩ ላይ አንጠለጠሉት። ነጩ ክብ መሐል፣ ሳይሞላው፣ ጠመም ብሎ ተሰቀለ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ።

«አይሰማም» አሉ።

አፌን ከፈትኩ። ዎች የተሠራው ለያዘው ሰው ብቻ እንደሆነ፣ ክሎክ ግን ላልያዘውም፣ ላላየውም፣ ጓዳ ላለውም፣ ከቤት ለራቀውም እንደሚሠራ ላስረዳቸው ነበር። መጽሐፉ እንዲህ ብሎ አይጽፈውም፤ ለሱፐርቫይዘሩም አልተናገርኩትም፤ የገባኝ እዚያው ቆሜ ነው። አፌን መልሼ ዘጋሁት። እትዬ በላይነሽ ተነሡ፣ ወንበራቸውን እየጎተቱ እስከ ግድግዳው ወሰዱና፣ ጆሯቸውን ሚስማሩ ሥር አድርገው ተቀመጡ።

«አሁን» አሉኝ። «አሁን ዝም በል።»

ይርጋ ገና አልመጣም። ዎቼም እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ጠዋት ጠዋት አውርጄ እሞላዋለሁ፤ አንድም ቀን ረስቼ አላውቅም። ክፍል ውስጥ ሰዓት ሲጠይቁኝ ባዶ ክንዴን አይና «ቸርኬውን ጠብቁ» እላለሁ። ቤት ስገባ ጫማዬን በር ላይ አወልቃለሁ፣ በሩን በቀስታ እዘጋለሁ፣ ሣልም ሲመጣብኝ ወደ ውጭ እወጣለሁ።

እናንተ ስለ ሁለቱ ቃላት ልዩነት የምታስቡት ምን እንደሆነ አላውቅም። ግን የነገርኳችሁን አትመኑኝ፤ ራሳችሁ ሞክሩት። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የእጅ ሰዓታችሁን ፍቱና ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ራዲዮኑን ዝጉ። ራቅ ብላችሁ ተቀምጣችሁ አዳምጡ። ካልሰማችሁት ወንበራችሁን ትንሽ ጠጋ አድርጉ።